ያሳጠርሁት ብርሃን

መሪጌታ እንግዳወርቅን በዐይኔ ሳላያቸው አምስት ሳምንት ሙሉ አነጋግሬያቸዋለሁ። የምንነጋገረው በራዲዮ መገናኛ ነበር፤ እሳቸው በአንዱ ተራራ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ድምፃቸውን ከማንም ለይቼ አውቀው ነበር። ሲበርዳቸው፣ ሲሰለቻቸው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ሲያናግሩኝ እንኳ አውቅባቸው ነበር። መልካቸውን ያየሁት ግን ዐይናቸውን ካጠፋሁባቸው በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበርሁ። የተወለድሁት ጎንደር ከተማ ነው፤ አባቴ የደብር ቄስ ነበሩ። እሳቸው ዳዊት እንድደግም ሲሹ እኔ የጎረቤት ራዲዮ ስፈታታ አድጌ፣ በትምህርት እየበረታሁ ሄድሁና በመጨረሻ ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘሁ። እዚያም አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሌዘር የሚባለው መሣሪያ ዓለም ላይ ከታየ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የእኛ ቤተ ሙከራ ሥራ የሌዘሩን ብርሃን ማሳጠር ነበር።

ማሳጠር ስል ርዝመቱን በክንድ መቁረጥ አይደለም፤ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳነስ ነው። ሩቢ የሚባል ቀይ ድንጋይ አለ። በኃይለኛ መብራት ሲመቱት ብርሃን ይጠጣና መልሶ ይተፋዋል። እንደ ልቡ ከተውት እያንጠባጠበ ነው የሚተፋው። ከኋላው የሚሽከረከር መስተዋት ቢያደርጉለት ግን ብርሃኑ መውጫ አጥቶ ይታመቃል፤ መስተዋቱ ዞሮ ልክ ፊት ለፊት የገጠመ ጊዜ ያ የታመቀው ሁሉ በአንድ ምት ዘሎ ይወጣል። የብርሃኑ መጠን ያው ነው። ጊዜው ስላጠረ ብቻ ጉልበቱ ብዙ ሺህ እጥፍ ይሆናል። መስተዋቱ በፈጠነ ቁጥር ምቱ ያጥራል፤ ምቱ ባጠረ ቁጥር ይበረታል።

አገሬ ስመለስ እንዲህ ያለ ሥራ የሚፈልግ አልነበረም። አንድ ዓመት ያህል ቢሮ ለቢሮ ከዞርሁ በኋላ ካርታ የሚያነሡ ሰዎች አገኙኝ። ከተራራ ተራራ ያለውን ርቀት በብርሃን ሊለኩ አስበው ነበር። ብርሃኑ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በሌላው ጫፍ ያለውን መስተዋት መትቶ ሲመለስ የፈጀው ጊዜ ይለካል። ለዚህ ደግሞ አጭር ምት ያስፈልጋል፤ ምቱ ከተንዛዛ መቼ እንደሄደና መቼ እንደተመለሰ አይታወቅም። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ፣ ድንኳኔ፣ ጄነሬተሬና ሌዘሬ ከመካነ ብርሃን ከተማ በላይ ካለ ነፋሻ ጫፍ ላይ የወጣነው።

አለቃዬ ኢንጂነር ይልማ ይመላለሱ ነበር እንጂ እዚያ አይኖሩም። አያ ቢምረው የሚባሉ ባለበቅሎ በየሳምንቱ ነዳጅና ስንቅ ያመጡልኛል፤ አራግፈው፣ ትንሽ አረፍ ብለው ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ ጭላዳና ነፋስ ብቻ ነው። ብቸኝነትን አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ባዕድ አገር ሁለት ክረምት ብቻዬን ከርሜያለሁና። የተራራው ግን ሌላ ነበር። አንዳንድ ቀን ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ለጄነሬተሩ አወራለሁ።

የምትሰማኝ አንዲት ነፍስ ከገደሉ ማዶ ነበረች። ኢንጂነር ይልማ ማዶ ያለውን መስተዋት የሚጠብቅ፣ ቁጥር የሚያነብ ሰው ሲያፈላልጉ የአካባቢው ደብር መሪጌታ እንግዳወርቅን ሰጣቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ይጽፋሉ። መስተዋቱ አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ ዳዊት ይገለብጡ ነበር፤ በየማለዳው ስንት መዝሙር እንደደረሱ ይነግሩኛል።

«መሪጌታ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል፣ ሙላት። ምነው ዛሬ ዘገየህ?»

«ጄነሬተሩ በብርድ አልነሣ ብሎኝ ነው።»

«እኔም ቀለሙ ረግቶብኝ በብብቴ ይዤ ነው ያሟሟሁት።»

አንድ ቀን ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። «ብርሃኑን አሳጥራለሁ ትለኛለህ። ሲያጥር ያንሳል እንጂ እንዴት ይበረታል?»

«ቦይ ሲዘጉ ውሃው ይጠራቀም የለም? ቀስ ብለው ቢለቁት ምን ይሆናል?»

«ጎመኑን ያጠጣል።»

«በአንዴ ቢለቁትስ?»

«ጎመኑን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል።» ቆሎ ሲቆረጥሙ ሰማሁ። «እንግዲህ ከፊቱ የቆመ ይጠንቀቅ በለኛ።»

«ለዚያ ነው ጀርባ ስጡ የሚባለው።»

ሕጋችን ይህ ነበር። ከመተኮሴ በፊት እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ከመስተዋቱ ዞር ብለው «ጀርባዬን ሰጥቻለሁ» ይሉኛል፤ ከዚያ እተኩሳለሁ። በተለይ መስተዋቱ በሚስተካከልበት ማነጣጠሪያ መነጽር ስተኩስ ማየት ጨርሶ ክልክል ነው። መነጽሩ ሩቁን እንደሚያቀርብ ሁሉ ብርሃኑንም ሰብስቦ ዐይን ውስጥ ይከተዋል።

በአምስተኛው ሳምንት ኢንጂነር ይልማ ጥርሳቸውን ታመው ወደ ጎንደር ወረዱ። ሲሄዱ አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። «እስክመለስ የመስተዋቱን ፍጥነት እንዳትነካ። ባለው ይበቃናል።»

በማግስቱ አያ ቢምረው ከስንቁ ጋር ደብዳቤ አመጡልኝ። ቤተ ሙከራው ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው የጻፈው። እኔ ከሄድሁ ወዲህ ምቱን ከኛ ጊዜው እጅግ አሳጥረውታል፤ አዲስ መንገድም አግኝተዋል፤ ስሙ በመጽሔት ወጥቷል። በመጨረሻው ላይ «አንተስ ምን እየሠራህ ነው?» ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ይበላሉ። ጓደኞቼ ርቀው ሄደዋል፣ እኔ እዚህ ቀርቻለሁ አልሁ። ለማን እንደምናገር አላውቅም።

በዚያው ቀን ሞተሩን ፈታሁና የሚሽከረከረውን መስተዋት ፍጥነት ከፍ አደረግሁት። ትእዛዙን ረስቼው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉን አዘጋጀሁ። ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ ከገደሉ ሥር ግን ደመና እየተነሣ ነው። ማዶውን ሸፍኖ የቀኑን ሥራ ሊያቋርጥብኝ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሞተሩ ከወትሮው በቀጠነ ድምፅ ያፏጫል። የራዲዮው ባትሪም ደክሟል።

«መሪጌታ፣ ደመናው ሊዘጋን ነው። ልተኩስ።»

«ቆይ እስቲ ታገሠኝ። ጭላዳ መስተዋቱን ገፍትሮብኛል። ላስተካክለው።»

ታገሥሁ። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ደመናውን አያለሁ። ጠርዙ ወደ ላይ እየተሳበ መጣ። ሞተሩ ሊግል ነው። ራዲዮው ተንኮሻኮሸና ድምፃቸው እየተቆራረጠ መጣ።

«ሙላት… ጀርባዬን…»

ተጫንሁት።

አማርኛችን እንዲህ ነው፤ አዎ ይሁን አይደለም የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። እኔ «ጀርባዬን» ስሰማ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ጣቴ ቁልፉን ከመታው ጋር እኩል የእሳቸው ቃል ተከተለ።

«…ገና አልሰጠሁም።»

እውነቱን ልናገር ብያለሁና እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት የመለኪያውን መስኮት ነበር። ብርሃኑ ሄዶ ተመልሶ ነበር፤ ምልክቱ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መስኮቱ ላይ የተገጠመው ካሜራም ፎቶግራፉን አወጣልኝ። ያን ያህል ቀጭን ምት ውጭ አገር እንኳ በእጄ አልሠራሁም። ጮኽሁ፤ ብቻዬን ድንኳን ውስጥ በደስታ ጮኽሁ። የሰማሁት ቃል ትርጉሙ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«መሪጌታ? መሪጌታ፣ ይሰማዎታል?»

መልስ የለም። ደጋገምሁ። በመጨረሻ ድምፃቸው መጣ፤ ዝግ ያለ፣ እንደገረመው ሰው።

«ሙላት፣ ቀይ ነገር መታኝ። አሁን አንድ ጥቁር ነገር ዐይኔ ላይ ተቀምጧል። ስጠርገው አይሄድም።»

«በመነጽሩ እያዩ ነበር?»

«እያየሁ ነበር። አሁን መጽሐፌን ገልጬ አየሁ፤ ዙሪያው አለ። ማየት የምሻው ፊደል ግን…»

ራዲዮው ዝም አለ። የእኔ ባትሪ ነበር ያለቀው።

መሣሪያውን ትቼ ከዚያ ጫፍ እንዳልወርድ በጥብቅ ታዝዤ ነበር። በሸራ ሸፈንሁት፤ ባዶ ጀሪካኖቹን ሊወስዱ በዚያው ቀን ይመለሱ ለነበሩት ለአያ ቢምረው «ማዶ ሄጃለሁ፣ በቅሎ ይዘው ይከተሉኝ» የሚል ወረቀት በድንጋይ አስደግፌ ወረድሁ። በዐይን ሲያዩት ማዶው ቅርብ ነው። ብርሃኔ ሄዶ ለመመለስ ዐይን እስኪርገበገብ እንኳ አልፈጀበትም። በእግር ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት የሁለት ቀን መንገድ ነው።

እየወረድሁ ስለ ዐይናቸው አስብ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አብዛኛውን ያሰብሁት ስለ ራሴ ነው። «ጀርባዬን» ያሉትን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ፍጥነቱን እንደለወጥሁም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሲመሽ ወንዙ አጠገብ ያሉ አንዲት ሴት አሳደሩኝ። «ምነው ብቻህን በዚህ ገደል?» አሉኝ። የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው አልኋቸው። «ዘመድህ ነው?» ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። በሐሳቤ ግዙፍ፣ ሽበታም ሽማግሌ ነበር የሣልሁት። ከጎጆዋ ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ግን ትንሽ፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። ግራ ዐይናቸው ነጭ ነበር። በልጅነታቸው ፈንጣጣ እንዳጠፋባቸው አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ያን ሁሉ ብራና የጻፉት በቀኛቸው ብቻ ነው። የመታሁት ቀኙን ነው።

«ሙላት ነህ?» አሉ የእግሬን ኮቴ ሰምተው።

«ነኝ፣ መሪጌታ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ትከሻህ ይታየኛል። ፊትህ የለም። ወደ ጎን ሳይ ጢምህ ብቅ ይላል፤ ቀጥ ብዬ ልይህ ስል ይጠፋል።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ረጅም ሰው መስለኸኝ ነበር።»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የጀመሩት ብራና ተከፍቶ ሸንበቆ ብዕሩ ላዩ ላይ ተጋድሟል። የመጨረሻው መስመር ከሌሎቹ ተንጋዷል፤ ከተመቱ በኋላ ሞክረው ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መጨረሻ ላይ በአጭሩ ቆይ ማለት ሲገባኝ ነገሩን አንዛዛሁት። ሕጉን ነግረኸኝ ሳለ በመነጽሩ አየሁ።»

ያን ጊዜ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ምላሴ ላይ ነበረች። አልተናገርሁም። «እግዜር ያውቃል» አልሁ፤ እንደ ቄስ ልጅ።

አያ ቢምረው በቅሎ ይዘው ደረሱልን። በማግስቱ መሪጌታን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠን ጉዞ ጀመርን። ደባርቅ እስክንደርስ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሦስታችንም በጭነት ማኪና ጎንደር ለመግባት አንድ ቀን ፈጀብን። መሪጌታ በመንገዱ ሁሉ ራሳቸውን ይረግሙ ነበር። «ምን አጣደፈኝ? መስተዋቱ ቢጣመም ምን ነበረበት?» ይላሉ። ደግሞ በቃላቸው መዝሙር ይጀምራሉ፤ መሐል ላይ አቁመው «ይህን ግን ማን ይጽፈዋል?» ይላሉ። እኔ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። አያ ቢምረው አንድ ጊዜ ቀርበው «ምነው ልጄ፣ የታመመው እሱ ነው አንተ?» አሉኝ። ደክሞኝ ነው አልሁ። ከሰው መሐል ሆኜ ተራራው ላይ ከነበርሁት ይልቅ ብቻዬን ነበርሁ።

ጎንደር ሆስፒታል ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዐይናቸውን ረጅም ጊዜ መረመሩት። «መሐሉ ተቃጥሏል» አሉ። «ደምም ፈስሷል። ደሙ በጊዜ ይጠራል፤ የተቃጠለው ግን አይመለስም። መንገድ ይለያሉ፣ ሰው ይለያሉ። ማንበብና መጻፍ ግን…» አልጨረሱትም። «ፀሐይ በግርዶሽ ጊዜ አትኩሮ ያየ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። የእርስዎስ እንዴት ሆነ?»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ሞኝነቴ ነው፣ ዶክተር። ጀርባህን ስጥ ተብዬ ሳልሰጥ ቀርቼ…»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አንሥተው ሊጽፉት ጀመሩ። ያን የብዕር ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። የዚያ ሰው ጥፋት ሆኖ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው።

«አይደለም» አልሁ። «እኔ ነኝ። ታገሠኝ ብለውኝ ነበር። ቃላቸውን ሳይጨርሱ… ሳላስጨርሳቸው ተኮስሁ። ፍጥነቱንም ያለ ፈቃድ ጨምሬዋለሁ።»

መሪጌታ ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ጀርባዬን ያልሁትን ሰምተህ ነው?»

«አዎ።»

«አልሰጠሁም ያልሁትንስ?»

«አልጠበቅሁትም።»

የተቆጡ መሰለኝና ስድቡን ጠበቅሁ። የመጣው ግን ሌላ ነበር።

«መተኮስህስ ይሁን፤ የእጅ ነገር ነው። ግና ሦስት ቀን አብረን መጣን» አሉ። «ራሴን ስረግም ሦስት ቀን ሙሉ እየሰማህ።»

ተነሡ፤ ግድግዳውን በእጃቸው ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። ልደግፋቸው ተነሣሁ። «አትከተለኝ» አሉ። አያ ቢምረው ክንዳቸውን ያዟቸው። ከሆስፒታሉ ግቢ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ኢንጂነር ይልማ ጉንጫቸው እንዳበጠ ነበር ያገኘኋቸው። የተኩሱን ነገር ሁሉ ነገርኋቸው። በኪሴ ይዤው የወረድሁትን የመለኪያውን ፎቶግራፍ ረጅም ጊዜ አዩት። «ከልኬቶቻችን ሁሉ ጥሩው ይህ ነው» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠባቂው መመሪያ ጥሷል ብለን እንጻፍ። ላንተም ለሥራውም ይበጃል።» እምቢ አልሁ። የሆነውን እንደሆነ ጽፌ ፈረምሁ። በወሩ ከሥራ ተሰናበትሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣ እውነት ነው፤ ያ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያንስ ከሰውየው አፍ ሰምቻለሁ።

እዚያው ጎንደር መምህር ሆንሁ። ሌዘር ዳግመኛ አልነካሁም። መሪጌታ ወደ ደብራቸው ተመልሰው ዜማ በቃል ማስተማር መጀመራቸውን ከአያ ቢምረው ሰማሁ። በሁለተኛው ዓመት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ተቀብለው ውሃ ሰጡኝና «አላናግረውም ብሏል» አሉኝ። ከውስጥ ተማሪ ሲያርሙ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ያ የማውቀው ድምፅ። ውሃውን ጠጥቼ ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ አፉን እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቼ ዘገምተኛ ነው ይሉኛል። ግን እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ታሪክ ጥድፊያዬን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ጣቴ የሠራችው ቅጽበት ነው፤ እሱን ስህተት ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። የበቅሎዋን ልጓም ይዤ፣ ኋላም ማኪናው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ የሄድሁበት ሦስት ቀን ግን እርምጃ በእርምጃ፣ እያወቅሁ የሠራሁት ነው። በየእርምጃው መናገር እችል ነበር። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ያ መንገድ ነው።

ብዙ ዓመት አለፈ። መንግሥትም ተለወጠ። አንድ ቀን በምዝገባ ሰሞን የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሸበቶ ሰው እጃቸውን በአንዲት ልጃገረድ ትከሻ ላይ አድርገው ገቡ። አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው በዐይናቸው ጠርዝ ክፍሉን አዩት። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ልጄ ናት» አሉ፤ ሰላምታ ሳይሰጡ። «ስለ ብርሃን የምታስተምረው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያ አስተምራት። የኔንም ነገር ጨምረህ ንገራቸው።»

«እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?»

«እንደ ሆነው።»

ቤቴ ጎራ እንዲሉ ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉ። ልጅቱን ሳም አድርገው በትራቸውን እያስቀደሙ ወጡ። ይቅር አላሉኝም፤ እኔም ይቅር ብለውኛል ብዬ ለራሴ አልዋሽም። ልጃቸውን ግን ትተውልኝ ሄደዋል።

ስለ ብርሃን የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ጠመኔውን አስቀምጬ ለተማሪዎቹ ነገርኋቸው። ቁልፉን፣ ደመናውን፣ የሦስቱን ቀን መንገድ፣ ምንም ሳላስቀር። የመሪጌታ ልጅ ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ብዕሯን አላነሣችም። ስጨርስ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይህን ሙሉውን ከዚህ በፊት ለማን ነግረውት ያውቃሉ?»

«የመንገዱን ሦስት ቀን ጨምሬ፣ ለማንም» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ ደግሜ ስናገረው ለእናንተ ነው።